አራተኛዋ፦ ሦስት የሩጫ ቅዳሜዎች በአቃቂ

ከጂንካ መነሳት

ከጂንካ የተነሳሁት ማክሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ነው። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ወረቀቱ ላይ «ዘመድ ጥየቃ» ብዬ ሞልቻለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው እውነትም አይደለም።

አብሮ አደጌ የሺ ደውላ፣ «ትምህርት ቤታችን የሴቶች የሀገር አቋራጭ ቡድን መልሶ አቋቁሟል፤ አሠልጣኟ እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውድድሮች መጥተሽ ካላየሽ ተቀያየምን» አለችኝ። እኔና እሷ በዚያው ትምህርት ቤት ማሊያ አብረን ሮጠናል።

ከየሺ የደበቅኩት አንድ ነገር ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ አቃቂ ወንዝ አጠገብ በተደረገ ውድድር ከሁሉ ኋላ ቀረሁ። ከፋብሪካ የሚወጡ ሠራተኞች «እሜቴ፣ ለነገም አስቀሪለት እንጂ!» እያሉ ሲስቁብኝ፣ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። የመጨረሻዋ ብትቀር ማን ይጎዳል ብዬ ነው። በዚህ ሩጫ ግን የአራት ልጆች ደረጃ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል፤ አራተኛዋ ካልገባች ቡድኑ እንዳልሮጠ ይቆጠራል። እኛ ደግሞ አራት ብቻ ነበርን። የሺ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «እግሬ ዞረ» አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ እያነከስኩ ተማርኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳዬን ተሸከመችልኝ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። «ለእግዚአብሔር ነግረሻል። አሁን ቦርሳውን ለተሸከመችው ሂጂና ንገሪ።»

መንገድ

ያደርኩት አርባ ምንጭ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሁሉ አሣ ሲያዙ እኔ የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮ በላሁ፤ ሽታውን ግን አልጾምኩትም። በማግሥቱ ሶዶን፣ ሻሸመኔን፣ ሞጆን አልፈን፣ አመሻሽ ላይ ዱከምን ስንለቅ ልቤ ከአውቶቡሱ ቀድሞ መውረድ ጀመረ።

«ወራጅ!» አልኩ፣ አቃቂ ስንደርስ።

«መነኸሪያው እኮ ቃሊቲ ነው» አለኝ ሹፌሩ።

«አውቃለሁ። የአቃቂ ልጅ ነኝ።»

«የአቃቂ ልጅ ደግሞ ከየት ነው ይህን ሁሉ ሻንጣ ያመጣው?»

አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጋ ሐዲዱን ሣር ውጦታል። በልጅነታችን ሰዓት የምናውቅበት የፋብሪካው ፉጨት ይነፋ እንደሆን ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፤ የሰማሁት የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ነው። በሠላሳ ብር የሺ ቤት ደረስኩ። ራት ላይ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ስለ ልጆቹ ስፓይክ ጫማ እያወራች ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አቃቂ

ያው ወንዝ ዳር፣ ያው ሜዳ። ባሕር ዛፌ ተቆርጧል፤ ጉቶውን ግን አገኘሁት። ሰው ሁሉ የሩጫው መጨረሻ ላይ ሲሰበሰብ እኔ ማንም የማይቆምበት ሩቅ መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። ሯጭ የሚያቆመው እዚያ ነው፤ አውቀዋለሁ።

አምስት ልጆች አሰለፍን። ከሁሉ ኋላ የመጣችው ሐያት ናት፤ ገበያው ጋ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ልጅ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ረጅም ሱሪ ለብሳ። ስታልፈኝ እንኳ ፈገግ አለች። ከአሥራ አራት ትምህርት ቤቶች ስምንተኛ ወጣን።

«ጎበዝ» አልኳት፣ ሙዝ እየሰጠኋት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ለቁጥር ነኝ። አምስተኛዋ አትደመርም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዓመታት በፊት በራሴ አፍ ሰምቻታለሁ።

ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ኮዬ ፈጬ

ከአምስቱ አንዷ እግሯን ተጎድታ ቀረች። ሐያት አራተኛ ሆነች ማለት ነው። ኮዬ ፈጬ እኔ ሳውቀው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ኮንዶሚኒየሙ ዓይን እስኪታክት ተደርድሯል። ልጆቹ የሮጡት ከሕንፃዎቹ በስተጀርባ፣ ገና ባልተሠራበት መሬት ላይ ነው። ከሰገነት ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች የማያውቁትን ትምህርት ቤት ሁሉ በእልልታ ይደግፋሉ።

ሐያት ከመጨረሻ ሁለተኛ ገባች። ቡድኑ ሰባተኛ ሆነ። ያለሷ ደረጃ አይኖረንም ነበር፤ እሷ ግን ጫማዋን እያወለቀች «ጎተትኳቸው» አለች።

በሚኒባስ ስንመለስ የሺ ትከሻዬ ላይ ተኛች። አልቀሰቀስኳትም። ይኸው ሁለተኛ ሳምንት፣ ይኸው ሁለተኛ ሰበብ።

ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ቂሊንጦ

ይህ ዙር ወሳኙ ነበር፤ እስከ አምስተኛ ድረስ የወጡ ቡድኖች ወደ ከተማው ውድድር ያልፋሉ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ጀርባ ያለው ጥቁር አፈር እግር ይዞ አይለቅም። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ሰርቪስ የሚጠብቁ ሠራተኞች መንገዱ ዳር ተደርድረዋል።

የተጎዳችው ገና ስላልዳነች የሮጡት አራቱ ናቸው፤ ሦስቱ መታጠፊያዬን በጥሩ ደረጃ አለፉ። ቆጠርኩ፣ ጠበቅኩ፣ ጸለይኩ። ሐያት ብቅ ስትል እጇ ወገቧ ላይ ነበር።

«እናት፣ መሬቱ አይሸሽም፣ ቀስ በይ!» አለ አንዱ ሠራተኛ። ሳቁ።

ቆመች። ልክ እንደኔ፣ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥላ የምትቀመጥበትን አየች።

«ሐያት!»

«እትዬ፣ እነሱ ገብተዋል። እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«አልገቡም! አንቺ እስክትገቢ ማንም አልገባም! እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ እዚያ ጉቶ ላይ፣ ሦስት ጓደኞቼን ይዤ ቀርቻለሁ!»

የትኛው ጉቶ እንደሆነ አላወቀችም። ፊቴን ግን አየች። ከሠራተኞቹ መካከል አንዲት ሴት «ዝም በል አንተ! የኔ እህት፣ ሂጂ!» አለች፤ የቀሩትም ተከትለዋት ማጨብጨብ ጀመሩ። ሐያት «ቢስሚላህ» ብላ እግሯን ከጭቃው ነቀለች። እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ፣ ከመሮጫው ውጪ፣ ዳገቱን ተከትያት ስሮጥ ለራሴም አልታወቀኝም። ጫፉ ላይ ሁለት ልጆች አለፈች።

አምስተኛ ወጣን፤ ስድስተኛውን ቡድን በሁለት ነጥብ ቀድመን። ሐያት ውጤቱ ሲነበብ ጣቶቿን ቆጥራ፣ «ሁለቱ እነዚያ ያለፍኳቸው ናቸው» አለችኝ።

ልጆቹ ዳቦ ሲካፈሉ እኔና የሺ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከስፓይኮቹ ላይ ጭቃ በእንጨት እንፍቅ ነበር።

«የሺ፣ ያኔ እግሬን አላመመኝም።»

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሰኞ በግራ አነከስሽ፣ ማክሰኞ በቀኝ። ረቡዕ ረስተሽው ዳቦ ቤት ድረስ ሮጠሻል።»

«ታዲያ ቦርሳዬን ለምን ተሸከምሽው?»

«ባልሸከምልሽ አፍረሽ ትቀሪ ነበር። አራተኛ ከየት ላምጣ?»

ያን ዓመት የቀሩትን ውድድሮች ሁሉ ጨርሻለሁ። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ በራሴ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

መመለስ

ቃሊቲ መነኸሪያ የሺ ሻንጣዬን ነጠቀችኝ። «አምጪ፣ እግርሽን ያምሻል።» እኔም እያነከስኩ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። «ተሳሳትሽ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ቀኙ ነው!» ብላ ከኋላዬ ስትጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞረ።

ሁለት ቀን ተጣጥፌ ጂንካ ስወርድ ግራ እግሬ ደንዝዞ አልታዘዝ አለኝ። ቤቴ ሳልገባ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍኩ። የንስሐ አባቴ ደጁ ላይ ነበሩ፤ መስቀላቸውን አሳልመውኝ አካሄዴን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ታነክሻለሽ?»

«የዛሬው እውነት ነው፣ አባ።»