ሰባተኛው ዙር

ጨዋታውን የሠራነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ ሥዕሉን፣ ጓደኛዬ ኮዱን። የምንሠራው አየር ጤና፣ ከእናቱ እህል መደብር ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ጨዋታው ተኩስም ሩጫም የለውም። ተጫዋቹ የታክሲ ረዳት ነው፤ ተሳፋሪዎች ሲገቡ የት እንደሚወርዱ ይነግሩታል፣ እሱም በቃሉ ይዞ በየፌርማታው ያወርዳቸዋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሌላ ቦታ አላየንም፤ የምንኮራውም በዚሁ ነበር።

ሁለት ዓመት ከለፋንበት በኋላ አንድ ባለሀብት ሊገዛው ፈለገ። "ጥሩ ነው፤ ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጫወትም" አለን። መኪናው እንዲጋጭ፣ ፖሊስ እንዲያሳድደው ፈለገ። ከሁሉም የባሰው፣ ሰባተኛው ዙር ላይ ተጫዋቹ በትክክል ቢያወርድም ጨዋታው "ተሳስተሃል" እንዲለውና ማስታወቂያ ካላየ እንዳያልፍ ማለቱ ነው። እኔ እዚያው እምቢ አልኩ። ጓደኛዬ ግን "እናስብበት" ብሎ ለሐሙስ ከሰዓት ቤቴል አንድ ካፌ ቀጠረው።

ረቡዕ ጠዋት ስደርስ እናቱ መደብሩ ውስጥ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የሠራነውን ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክሩልን እሳቸው ነበሩ።

"ነይ እስቲ ልጄ" አሉኝ። "ይቺ ሴትዮ ገበያው ጋ እወርዳለሁ አላለችም?"

"ብላለች፣ እማማ።"

"አወረድኳት። ተሳስተሻል አለኝ። ሦስቴ!" ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። "የእህቴም ነገር እንዲህ ነው የጀመረው።"

ታላቅ እህታቸው የገዛ ልጆቿን እስከ መርሳት ደርሳ ነው የሞተችው።

"እርስዎ አልተሳሳቱም፤ ጨዋታው ነው" አልኳቸው። አላመኑኝም።

ጓሮ ገባሁ። "የሚዋሸውን እናትህ ስልክ ላይ ጫንከው?"

"ለሙከራ ነው።"

"እያለቀሱ ነው።"

ዞር ብሎ አላየኝም። "ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ተጫወተው? እኔ፣ አንቺና እሷ! ማንም ካላየው ጥሩ መሆኑ ምን ይጠቅማል?"

"አምኖን የሚጫወትን ሰው ከምንዋሽ ማንም ባያየው ይሻላል" ብዬ በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ወደ ቤቴል ስንሄድ ስልኩ ላይ የትኛውን እንደያዘ አላወቅሁም፤ መጠየቅም ፈራሁ። የሚዋሸውን ካሳየ ሥዕሎቼን ይዤ ልለየው ወስኛለሁ። ተነሥቼ መሄድ እችል እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ባለሀብቱ ስልኩን ተቀብሎ መጫወት ጀመረ። አምስተኛው አለፈ፣ ስድስተኛው አለፈ። ሰባተኛው ዙር ላይ ሴትየዋን ገበያው ጋ አወረዳት።

"ትክክል" አለው ጨዋታው።

ሰውየው ቀና አለ። "ያልኩህ የታለ?"

"አጥፍቼዋለሁ" አለ ጓደኛዬ። "እናቴ አእምሮዬን ልስት ነው ብላ ፈራች። ያስፈራኋት እኔ ነኝ።"

"ወንድሜ፣ እናትህ ገበያ አይደለችም።"

ጓደኛዬ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለውና ተነሣን።

ውሉ በዚያው ቀረ። ጨዋታውን እንደነበረ ለቀቅነው፤ የሚጫወቱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። እሱ አሁን ቀን ቀን ኮምፒውተር ያስተምራል፣ እኔ ለሱቆች ማስታወቂያ እሥላለሁ። ያደረገውን የዚያኑ ሐሙስ ማታ ራሱ ለእናቱ ነገራቸው። "ብትሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር" አሉት፤ ሳምንት ሙሉም አላናገሩት። አሁን ስልካቸው ላይ አዲስ ነገር ከመጫኑ በፊት ያስፈቅዳቸዋል። አንዳንዴ "አይሆንም" ይሉታል።