መሸነፍ ሥራው የነበረ ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃው አስራ አራት ዓመት ሙሉ ጠላት ሆኖ ኖሯል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። ምልምሎች ማሰልጠኛው ገብተው ሰልፍና ተኩስ ተምረው፣ በጓድ፣ በመቶና በሻምበል ተደልድለው፣ በስድስተኛው ወር አንድ ሻለቃ ጦር ሆነው ሲቆሙ፣ ከመመረቃቸው በፊት የዘጠኝ ቀን የሜዳ ልምምድ አለባቸው። ልምምድ ደግሞ ያለ ጠላት አይሆንም። እናም እሱ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ከየክፍሉ የተዋሱለትን ስምንት ወታደሮች ይዞ፣ ከተኩስ ሜዳው ማዶ ያለችውን ኮረብታ ይይዛል። በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይሸነፋል። ሰዓቱ በወረቀት የሰፈረ ነው፤ ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚያዩ እንግዶች ስላሉ ማርፈድ አይቻልም።

የሚኖረው ከኮረብታው ግርጌ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ የዒላማ ካርቶን ክምር፣ ቀዳዳ የሚደፍንበት ሙጫ፤ በቃ ይሄው ነው። ዕቅዱ እንዳይወጣበት ከሠልጣኞች ጋር እንዳይቀላቀል ታዟል። ምግብ ቤት የሚገባው ሁሉም በልተው ከወጡ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትእዛዝ ነበር፣ ኋላ ልማድ ሆነ። ስምንቱም ወታደሮች ቢሆኑ በየዙሩ ስለሚቀያየሩ፣ ስማቸውን በቅጡ ሳይለምድ ይሸኛቸዋል። የእሱን ስም ደግሞ የሚጠራው የለም፤ አለቃም ሠልጣኝም "ጠላት" ነው የሚለው።

ሚስቱ አራት ዓመት ታግሳ ኖረች። አንድ ቀን፣ "ኧረ እኔ ሰው ናፈቀኝ" አለችና ልጃቸውን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ጥል አልነበራቸውም። ልጅቷ ትንሽ ሳለች እሁድ እሁድ ትደውልለት ነበር።

"አባዬ፣ በዚህ ልምምድም ሞትክ?"

"ሁለት ጊዜ።"

"አመመህ?"

"ሁለተኛው ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ።"

ስትስቅ ስልኩ ይንጫጫ ነበር። አሁን አድጋ ሥራ ይዛለች። "አባዬ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ መልሼ ልደውልልህ" ትለዋለች፤ እሱም እሺ ብሎ ስልኩን ከጎኑ አስቀምጦ ካርቶኑን ይለጥፋል።

በአስራ አራተኛው ዓመት ሁለተኛው ሻለቃ ጦር ከምረቃው ቀጥሎ የሰባት ቀን የቤት ፈቃድ ወስዶ ድንበር እንደሚወርድ ተነገረ። ሃምሳ አለቃው ስምንቱን ቀን ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲመለከታቸው ሰነበተ። እንግዶቹ በሚቀመጡበት በኩል ለመታየት ሁሉም ፊት ለፊት ይጋፋል። ከኋላ፣ የውሃ ቦቴዎቹ በቆሙበት በኩል፣ አንድ ዘብ እንኳ የለም። በስምንተኛው ቀን ማታ የልምምዱ ኃላፊ የሆነው መኮንን ዘንድ ሄደና ሰላምታ ሰጥቶ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ነገ የእውነት እንድዋጋቸው ይፈቀድልኝ።"

መኮንኑ ከወረቀቱ ቀና አለ። "አንተ ሰውዬ፣ ደሞዝ የምትበላው ለመሸነፍ መሰለኝ!"

"እነዚህ ልጆች ከዚህ ወጥተው ድንበር ነው የሚሄዱት፣ ጌታዬ። ጀርባቸው ባዶ ነው።"

መኮንኑ ወረቀቱን አጠፈ። "እኔ አልሰማሁም። ካበላሸህ ግን አላውቅህም" አለ።

በማግስቱ ሁለቱን ወታደሮች ኮረብታው ላይ ባዶ ጥይት እንዲያንጣጡ ትቶ፣ ስድስቱን አስከትሎ በደረቁ ጅረት ውስጥ ተሳበ። ጉልበቱ እሳት ሆነበት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከቦቴዎቹ መሀል ብቅ ሲሉ ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወቱ ነበር። የሻለቃውን መገናኛ ሬዲዮ ያዙ። ከዚያ የአዛዡን ድንኳን ገለጥ ሲያደርጉ፣ የሻለቃው አዛዥ ለእንግዶቹ ሊያምር ጢሙን ይላጫል፤ ግማሽ ፊቱ ገና አረፋ ነው።

"ተማርከዋል ጌታዬ" አለ ሃምሳ አለቃው፤ ድምፁ ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

የልምምዱ ዳኛ ማብቂያውን የሚያሳየውን ነጭ ባንዲራ አውለበለበ። እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። አመሻሹ ላይ ውሳኔው ተነበበ፦ ሻለቃው ለግዳጅ አልበቃም፤ ሃያ አንድ ቀን ተጨማሪ ሥልጠና፤ የቤት ፈቃድ ተሰርዟል።

ከዚያ ወዲያ ባለፈበት ሁሉ ወሬ ይቆማል። የቆርቆሮ በሩ ላይ በከሰል የጻፉበትን ስድብ ማለዳ ተነስቶ አጠበው። ለማን ይናገር? ልጁ ጋ ደወለ፤ አላነሳችም።

በሦስተኛው ቀን በካምፑ በር ሲያልፍ፣ አንዲት እናት ፌስታል ታቅፈው ከዘቡ ጋር ሲሟገቱ ደረሰ። ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ኖሯል።

"የልጄን ፈቃድ ያስቀረው የትኛው ነው? እስቲ አሳዩኝ!"

ማለፍ ይችል ነበር። ቆመ።

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ምን አደረገህ?"

"ምንም። ከኋላው ስመጣበት አላየኝም። ሌላ ሰው ቢመጣበት ብዬ ነው።"

ሴትየዋ ዐይናቸው እንባ ሞላና ፌስታሉን ዘረጉለት። "በል እንግዲያው አንተው አድርስልኝ። ካልሲና ደረቅ ዳቦ ነው።"

በነገሩት ስም ፈልጎ አደረሰ። ልጁ ሰላምታ ሰጥቶ ተቀበለው፤ ዐይኑን ግን አላሳየውም።

ሃያ አንዱ ቀን አልቆ ልምምዱ ሲደገም፣ ሃምሳ አለቃው ያው በጅረቱ መጣ። ገና መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ሦስት ዘቦች ከላይ ወረዱበት፤ ፊቱን አሸዋ ላይ ደፍተው እጁን የኋሊት አሰሩት። ገመዱ ለልምምድ ከሚገባው በላይ ጠብቆ ነበር። እሱ አሸዋውን እየተፋ፣ "ጎበዞች፣ እንዲህ ነው" ሲል፣ አንዱ "ዝም በል!" አለው። ዝም አለ።

ሻለቃው ለግዳጅ ብቁ ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ልጆቹን የጫኑት መኪኖች ተሰልፈው ወጡ። አጥሩ ዳር ቆሞ ሸኛቸው። እጁን ያነሳለት አልነበረም፤ አቧራው እስኪረጋ ቆየና ኮረብታው ላይ የተበተነውን የባዶ ጥይት ቀለህ ሊለቅም ወጣ።

ከሁለት ወር በኋላ ከሾፌሮቹ አንዱ መኪና ሊያሠራ ተመልሶ መጣ። ሃምሳ አለቃው እያነከሰ ጋራዡ ድረስ ሄደ።

"ልጆቹ እንዴት ናቸው?"

"የትኞቹ?" አለ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር እንደተኛ።

"ድንበር ያደረስካቸው። ያ ሻለቃ።"

"እሱን እንጃ፣ ጠላት። አውርጃቸው ነው የተመለስኩት። እስቲ ያንን መፍቻ አቀብለኝ።"

አቀበለው። አዲሶቹ ምልምሎች በዚያው ሳምንት ገብተው ስለነበር፣ ከሰልፍ ሜዳው የግራ ቀኝ ጥሪ ይሰማል፤ ገና እግራቸው አልገጠመም። ሃምሳ አለቃው ትንሽ ቆሞ አዳመጠና ወደ ካርቶኖቹ ተመለሰ።