መርጃኖቹ ቀለም ያጡበት ሰሞን

መጀመሪያ የተለወጠው ሐምራዊው መርጃን ነው። ከመስታወቱ ገንዳ መካከል፣ ከድንጋዩ አናት ላይ፣ እንደ ትንሽ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ አውጥቶ የበቀለው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ጎንበስ ብዬ ባየው የደፈረሰ መሰለኝ። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። እያደር ግን ጥርጥር አልነበረውም፤ ሐምራዊው እንደ ሻይ አተላ ቡናማ ሆነ፤ አጠገቡ ያለው አረንጓዴም ከሥሩ ጀምሮ ይከተለው ጀመር፤ ከታች ያለው ብርቱካናማም እንዲሁ።

ገንዳው የባሌ ነው። ጦርነቱ ሳይመጣ ፖርት ሱዳን ውስጥ ቱሪስት ይዘው ወደ ባሕር በሚወጡ ጀልባዎች ላይ ይሠራ ነበር። እዚያ ቤቱ ውስጥ መርጃን የሚያራባ ጓደኛ ነበረው። መርጃን ኮራል ማለት ነው፤ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጡር ነው። ጓደኛው ከራሱ ገንዳ ቁራጭ ቁራጭ እየሰበረ ሰጠው፤ እሱም ባልዲውን በአውቶቡስ ላይ ጭኑ ውስጥ አቅፎ ገዳሪፍ ድረስ አመጣው። ዙሪያው ሁሉ ጥቁር አፈርና ሰሊጥ በሆነበት አገር፣ እኛ ሳሎን ውስጥ አንዲት ጉርሻ የምታህል ባሕር ተቀመጠች።

የጀልባው ሥራ ቢቆምም ወደቡ ላይ ሌላ ሥራ አገኘና ተመልሶ ሲሄድ ገንዳውን ለእኔ አደራ አለኝ። ጨዉን በተጣራ ውሃ እንዴት እንደምበጠብጥ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ትንሿን ማራገቢያ ወደ ውሃው እንዴት እንደማዞር፣ የተነነውን ደግሞ ጨው በሌለው ውሃ እንዴት እንደምተካ አሳየኝ።

«ነጭ ከሆነ ሞቆታል» አለኝ። «ቡናማ ከሆነ ግን ወይ ውሃው ቆሽሿል ወይ ብርሃን አንሶታል። ምን እንዳመመው ቀለሙ ራሱ ይነግርሻል።»

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን አልነበርኩም። ታላቅ እህቱ ከካርቱም ተፈናቅለው መጥተው እኛ ጋር ነበሩ። ባሌን እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እታለም ነው የምላቸው። ብዙ አያወሩም፤ ስለ ካርቱም ደግሞ ጨርሶ። ገንዳውን ግን ከመጡበት ቀን ጀምሮ አልወደዱትም። ሳሎን ሲገቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚያልፉት። አንድ ጊዜማ «ሰው ውሃ በተጠማበት አገር ለድንጋይ ውሃ ይጣራል» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቻቸዋለሁ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመጣልንን ሰውዬ ነበር። ከየት እንደሚቀዳ ማን ያውቃል? ባሌ የተወልኝን መመርመሪያ አውጥቼ ጠብታዎቹን በብልቃጧ ውስጥ አንጠባጠብኩ። ውሃው ንጹሕ ነበር። አላመንኩም፤ በማግሥቱ ደገምኩት። ያው ነው። ለባሌ ደወልኩ።

«መብራቱስ?» አለኝ።

«አንተ እንዳስተካከልከው ነው። ጠዋት ስወጣ ይበራል፤ ስመለስም እየበራ ነው የማገኘው።»

«እንግዲያው የሆነ ነገር እየገባበት ነው» አለ።

ያን ዕለቱን በረኪናውን ከማድ ቤት አንሥቼ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩት። የገንዳውን ውሃ ሳሙና ሳሙና ይሸት እንደሆነ አሸትት ጀመር። ከራሴ አንድ ፀጉር ነቅዬ ክዳኑ ላይ አጋድሜው ወጣሁ፤ ስመለስ እንዳለ ነበር። ይኼም አላሳረፈኝም፤ እታለም አውቀውብኝ መልሰውት ነው አልኩ። ከስፌት ሱቄ ተመልሼ የግቢው በር ሲንቋረር፣ እታለም ከሳሎን ፈጠን ብለው ሲወጡ ሁለቴ አየኋቸው።

«ምን ፈልገው ነው እታለም?» አልኳቸው በሁለተኛው ጊዜ።

«አቧራ እየጠረግሁ ነው» አሉኝ። እጃቸው ላይ ግን ጨርቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ አብረን ስንበላ እንኳ ዓይን ለዓይን መተያየት አቆምን። እኔ እጃቸውን አያለሁ፤ እሳቸው በሩን ያያሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ሃቡብ ተነሣ። ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ከሜዳው ሲመጣ ገበያው በሙሉ ሱቁን ይዘጋል። እኔም ሻሼን አፌ ላይ ጠምጥሜ ወደ ቤት ሮጥኩ። የግቢውን በር ነፋሱ በርግዶት ስለነበር ሳይንቋረር ገባሁ። ሳሎኑ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ማራገቢያውና የውሃ መግፊያው ይሰማሉ፤ መብራቱ ግን ጠፍቷል። እታለም ከገንዳው ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ የተነቀለው የመብራቱ ሶኬት እጃቸው ላይ ነው።

«እታለም! ምን እያደረጉ ነው?»

ደንግጠው ብድግ አሉ። መልሰው ሊሰኩት ቢሞክሩ በጨለማው ቀዳዳውን ሳቱት።

«በየቀኑ ነው የሚያጠፉት?»

ሶኬቱን እንደገና ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

«እርስዎን እኮ ነው፤ በየቀኑ ነው?»

«አንቺ ስትወጪ አጠፋዋለሁ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «በሩ ሲንቋረር አበራዋለሁ።»

«ምን በደልኩዎት? የገዛ ወንድምዎ አደራ ያለኝን!»

«ሙሰይራው ያየዋል» አሉኝ።

ሙሰይራ የሚሉት ድሮኑን ነው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ያልነገሩኝን ያን ዕለት ነገሩኝ። ካርቱም ጎረቤታቸው ጣሪያው ላይ መብራት ሰቅሎ ነበር አሉ። ቤቱ ሲመታ የእሳቸውም ግድግዳ አብሮ ወረደ። ሰዉ ሁሉ መብራቱ ነው የጠራው ብሎ አወራ። እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ ከሰፈሩ ኮሚቴ አንድ ሰው በር ላይ አስቁሟቸው፣ በመስኮታችሁ የሚታየው ሰማያዊ መብራት ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው።

«ቴሌቪዥን ነው አልሁት» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ መች ታምኚኛለሽ?»

እውነታቸውን ነበር፤ አላመንኳቸውም። ሲያዙ የፈጠሩት ወሬ ነው ብዬ ሳብሰለስል ሰነበትኩ።

ሁለት ሰዎች በራችንን ያንኳኩት አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ፣ ሌላው ዓይኑ የማያርፍ ጎልማሳ። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ ጎልማሳው፣ «ቴሌቪዥኑ የታለ?» አለ።

ቴሌቪዥን የለንም። እታለም ፊታቸው አመድ መሰለ። ያኔ ነው ነገሩ የፈጠራ ወሬ እንዳልሆነ የገባኝ።

«ቴሌቪዥን አይደለም» አልኩ። «ግቡና እዩት።»

ጎልማሳው ገንዳውን ሳይሆን ሽቦውን ነበር የሚያየው። አንድ በአንድ በእጁ እየተከተለ ከጠረጴዛው ሥር ድረስ ገባ፤ በስልኩም ፎቶ አነሣ።

«ለምን ሰማያዊ ሆነ? ማን እንዲያየው ነው?»

«ባሕር ውስጥ ጠለቅ ሲሉ የሚደርሰው ብርሃን ሰማያዊ ነው» አልኩት። «የለመዱት እሱን ነው። ሲያጡት ቀለማቸው ይሄዳል።»

«ድንጋይ ብርሃን ምን ያደርግለታል?»

መልስ ሳልሰጠው እታለም ወደ ፊት መጡ። «የዋሸሁህ እኔ ነኝ» አሉት በዐረብኛ። «እሷ አታውቅም። ቤቴ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ፈርቼ ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቅ።»

ያን ሁሉ ሳምንት በጥርጣሬ ስከታተላቸው የከረምኩት ሴትዮ ከፊቴ ቆመው ሲከላከሉልኝ የምገባበት ጠፋኝ። ቶሎ ብዬ የውሃው ፊት እንዲረጋ ማራገቢያውን አጠፋሁና ከመርጃኖቹ ምግብ ቆንጥሬ ውሃው ላይ በተንኩ። ጥቂት ቆይቶ ቡናማዎቹ ቅርንጫፎች ላይ ጥቃቅን ጣቶች እየወጡ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተደግፈው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ይበላሉ እኮ!»

ጎልማሳው አንድ ጊዜ አየት አደረገና ወደ መስኮቱ ዞረ። «ይብሉ፤ ግን መብራቱ ከመንገዱ ይራቅ» ብሎ ወጣ።

ገንዳውን መስኮት ወደሌላት ዕቃ ቤት አዛወርነው። ውሃውን በባልዲ ያመላለሱት እታለም ናቸው፤ መርጃኖቹን ግን እንዲነኩ አልፈቀድኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ባሌ በስልክ፣ ጨለማ ለምደዋልና ብርሃኑን በአንድ ጊዜ እንዳልለቅባቸው፣ አለዚያ ነጭ ሆነው እንደሚቀሩ አስጠነቀቀኝ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ ጨመርኩ። አረንጓዴው ቀድሞ መለስ አለ። ሐምራዊው ብዙ ካስጠበቀኝ በኋላ ከጫፎቹ ፈካ። ብርቱካናማው ግን አልተመለሰም፤ እንደ ደረቀ ቅርፊት ሆኖ ቀረ።

ጎልማሳው ዛሬም በበራችን ሲያልፍ መስኮቱን ሳያይ አያልፍም። እኔም ከሱቅ ስመለስ መጀመሪያ ዕቃ ቤት ገብቼ የመብራቱን ጀርባ በመዳፌ እዳስሳለሁ፤ ሲበራ የዋለ መብራት ይሞቃል። ባለፈው እታለም በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«ሞቋል?» አሉኝ።

«ሞቋል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ሽንኩርታቸውን ሊከትፉ ተመለሱ።