ከታችም ሰው አለ

ትናንት ማታ ልጄ ከጎጃም ደውላ፣ «እማዬ፣ ዛሬ መብራት ሳይጠፋብኝ አጠናሁ» አለችኝ። እኔ ቤይሩት፣ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር፣ ከሦስት ሴቶች ጋር በተከራየነው ክፍል ውስጥ፣ በእጅ ባትሪ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ሳቄ መጣ። አሙ ሐሰንም ትዝ አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የዓባይ ግድብም ገና እየተሠራ ነበር። ልጄን ለእናቴ ትቼ፣ ስድስተኛ ፎቅ ከማዳሜ ጋር እኖር ነበር። አሙ ሐሰን የሕንፃው ዘበኛ ነው፤ ግብፃዊ። «አሙ» በዓረብኛ አጎቴ ማለት ነው። ከሚስቱ ጋር ምድር ቤት ይኖራል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ነገር እንፈላለጋለን።

«ያ ሐበሺያ፣ የወንድሜን እርሻ ልታደርቂው ነው?»

«እኛ የፈለግነው መብራት ነው፣ አሙ። ውሃው አልፎ ይመጣላችኋል።»

«መቼ? ከሞላ በኋላ? ያኒ፣ ሩዙ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል?»

በነሐሴ፣ አገሬ ጎርፍ በሚወርድበት ወር፣ ቤይሩት ትደርቃለች። በለስ በየመንገዱ ይሸጣል፤ አስፋልቱ ይቀልጣል። የሕንፃው ውሃ ሥር ባለ አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ካሕራባ፣ መብራት ማለት ነው፣ ሲኖር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። አንድ ቀን መብራት እንደመጣ ቧንቧውን ሁሉ ከፍቼ ገንዳውን፣ በርሜሉን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ሞላሁ።

መብራቱ እንደጠፋ በር ተንኳኳ። አሙ ሐሰን ባዶ ባልዲ ይዞ ቆሟል።

«ታች ጠብታ የለም። ሚስቴ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሕፃኗ አልታጠበችም።» በትከሻዬ በኩል ገንዳውን አየ። «ግድቡን እዚሁ ሠርተሽዋል» አለ።

አፈርኩ። አራስነትን አውቀዋለሁ። አሳንሰሩ ቆሞ ስለነበር ስድስቱን ፎቅ በጀሪካን ተመላለስኩ። ሕፃኗን ከእናቷ ጋር ሳጥብ አሙ ሐሰን ከበሩ፣ «መሙላቱን ተዪው አላልኩሽም» አለኝ። «ቀስ እያልሽ። ከታችም ሰው አለ።»

ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ከመክፈቴ በፊት በደረጃው ቁልቁል እጣራለሁ፦ «አሙ፣ ልሞላ ነው።» እሱም አንዴ «ጠብቂ»፣ አንዴ «ያላ» ይለኛል። ማናችንም ውሃ አላጣንም።

ዛሬ ጠዋት በዚያ ሕንፃ በኩል ሳልፍ ቆምኩ። አሙ ሐሰን ሸብቷል።

«የወንድምህ እርሻስ?» አልኩት።

«አረንጓዴ ነው። እሱ ግን በየዓመቱ ይፈራል። ልጅሽስ?»

«መብራት አላት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከልቡ ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ትልልቆቹ ሰዎች ስለ ግድብ የሚከራከሩበትን ቋንቋ አላውቅም። ልጄ ግን መሐንዲስ እሆናለሁ ትላለች። እንግዲያው መጀመሪያ፣ ቁልቁል መጣራትን ትልመድ።