ቤታችንን ያተረፈው ቁራኛ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ ጊዜ ወታደሮቹ የአባቴን በሬ አርደው በሉት። አባቴ ከአምበር ከተማ ነጋዴ ሌላ በሬ በዱቤ ወሰደ፤ ዕዳው በጤፍ የሚከፈል፣ መያዣው ቤታችን ነበር። ነጋዴው ሆን ብሎ ቀጠሮውን ነሐሴ ላይ አደረገው፤ አባቴም ስለቸገረው እሺ አለ።

ነሐሴ መጣ፤ ጤፉ ገና ሣር ነው። ነጋዴው ደጃችን ቆሞ «ቤቱን ልቀቅ!» አለ። እናቴ ወገቧን ይዛ ቀረች። ልጃገረድ ነበርኩ፤ የት ልንወድቅ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ነጋዴው ለጣሊያኑ ሹም አልከሰሰም፤ ሹሙ ቤቱን ለራሱ እንዳይወስደው ፈርቶ ነው። ወደ አገር ሽማግሌዎች ሄደ። እስከ ታኅሣሥ እንዲታገስ ቢለምኑት «ዱር ቢገባብኝስ? በቁራኛ ይታሰርልኝ» አለ። ቁራኛ አበዳሪና ተበዳሪ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት የቆየ ደንብ ነው። አባቴ አፍሮ ቤቱን የሚለቅ መስሎት ነበር፤ የከተማ ሰው!

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ደግ። ቋጠሮው እስካለ ቤቱ አይነካም። ፍቱኝ ካልክ ግን ጤፉ እስኪታጨድ ትታገሣለህ» አሉት። ደስ እያለው ተስማማ።

በማግስቱ መንደሩ በየተራ የአረም ደቦ ይጠራ ጀመር። ወትሮ ደቦ ሲባል ወገቡን የሚያመው አባቴ አንዱም አላመለጠው፤ ነጋዴውም አብሮት ጭቃ ላይ አጎነበሰ። ከአረም መልስ የፍልሰታ ቅዳሴ አለ። ከፋሲካ በቀር ቤተ ክርስቲያን የማይታየው አባቴ ያን ሰሞን መነኩሴ ሆነ። ቄሱም ነገሩ ስለገባቸው ዜማውን አለቅጥ ያስረዝሙት ነበር፤ ነጋዴው በባዶ ሆዱ መቋሚያ ላይ ተንጠልጥሎ ያዛጋል። አባቴ ጓሮ ሲወጣም ሁለት ሆነው ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ሳስብ ዛሬም እስቃለሁ።

ፍልሰታ ሳይፈታ ነጋዴው ሽማግሌዎቹ እግር ላይ ወደቀ። «አባቶቼ፣ በፈጠራችሁ ፍቱኝ!» ፈቱት።

ታኅሣሥ ላይ ጤፉን ሊወስድ መጣ። እናቴ «ይግቡ እንጂ፣ ቤቱን እንደሆነ ለምደውታል» አለችው። አልገባም። ደጅ ቆሞ ሲሰፈርለት አባቴ ኩታውን ሊያስተካክል ጫፉን ብድግ ቢያደርግ፣ ሰውዬው የቀረውን ሳያስሰፍር አህያውን እየነዳ ፈረጠጠ። እናቴ የተረፈውን ጤፍ ተሸክማ ወደ ቤት አስገባች። ወደ ቤታችን።