በዱቡሻው ላይ የተረፈው ጭብጨባ

ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲቷን ቃል እንኳ ጨምሬ እንደሆነ የቀረችኝን ዕድሜ ዛሬውኑ ይውሰዳት። «ለአንተ ምን ቀረህና ነው በዕድሜህ የምትምለው?» የሚለኝ ካለ፣ እሱ ገና አላረጀም ማለት ነው። ሰው እንደ ቀረችው ዕድሜ የሚሳሳለት ነገር የለም።

ልጅ ሳለሁ፣ ሲመሽ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ዳልኬ፣ ጎጆ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። ያኔ የጎጆው ጭስ መውጫ ስለሌለው ከጣራው ሥር ይጠራቀማል፤ ውፍረቱ ጋቢ ቢሰቀልበት የሚሸከም ነበር። ከብቶቹ በጎጆው አንድ ወገን ታስረው ያመሰኩ ነበር፤ እኛ ልጆች ደግሞ ስኳር ድንቻችንን ፍሙ ውስጥ ቀብረን፣ በኩራዟ ብርሃን ግድግዳው ላይ እየረዘመ እየተኮማተረ የሚሄደውን የአያ ዳልኬን ጥላ እያየን እንጠብቅ ነበር። አያ ዳልኬ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ጆሮው ግን የእንሰት ቅጠል ሲያድግ ይሰማ ነበር። «ዝም በሉ እስኪ፣ ከጓሮ ሦስተኛው ተከፈተ» ይለናል፤ ጠዋት ሄጄ ሳየው እውነትም ተከፍቷል።

ብዙ ተረት ነግሮናል፤ አብዛኛው ከጭሱ ጋር በሣር ክዳኑ ሾልኮ ወጣ። የጎቤ ግን አልወጣም።

ጎቤ የመንደራችን አፍ ነበር አለን። አንድ ትልቅ ሰው የመንደሩን ምንጭ በአጥር ሲያስከብበው ሕዝቡ ዱቡሻው ላይ መከረ። ዱቡሻ እኛ ዘንድ የምንመክርበት፣ የምንዳኝበት፣ ሐዘንም ደስታም የሚዋልበት ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። መክረውም «ሂድና ተናገርልን» ብለው ጎቤን ላኩት። ጎቤ ሄደ። ትልቁ ሰው ጥሬ ሥጋ አቀረበለት፣ ጠጅ ቀዳለት፤ ሲበላ ሲጠጣ፣ የተላከበትን ነገር እንዴት ከአፉ ያውጣው? ሦስት ቀን ሰንብቶ ተመለሰ። በደንባችን ተልኮ የተመለሰ ሰው እርጥብ ሣር ነጭቶ ይዞ ነው በዱቡሻው ላይ የሚናገረው፤ ሣሩ በእጁ ሳለ አይዋሽም። ጎቤ ሣሩን ያዘና «ጨርሻለሁ፤ ምንጩ ይከፈታል» አለ። ሕዝቡ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ የቆፈረ የለም፣ ከብቱን ወደ ቆላ የነዳ የለም። ሁሉም ቅሉን ይዞ በአጥሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቀ። በጋው ገፋ። እዚያው እንደ ተቀመጡ ቀሩ።

«ከዚያ ጊዜ ጀምሮ» አለ አያ ዳልኬ፣ ድምፁን ወደ ፍሙ አውርዶ፣ «በዚያ ሜዳ ላይ ሰው በውሸት ከተጨበጨበለት፣ ሕያው ሁሉ እጁን ከሰበሰበ በኋላ አንድ ጭብጨባ ይተርፋል።»

«ጎቤ ነው የሚያጨበጭበው?» አልኩ።

«ጎቤ ምን እጅ አለው! ዋሾ ሲሞት መጀመሪያ የሚበሰብሰው እጁ ነው። የሚያጨበጭቡት ያመኑት ናቸው።»

«ሞተው የለም እንዴ?»

«ሞቱ እንጂ መጠበቅ መቼ ተዉ?»

እንዲያ ሲል ከላሞቹ አንዷ ጆሮዋን ወደ በሩ አቆመች፤ እኔም ስኳር ድንቼን ፍሙ ውስጥ ረስቼ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አላጨበጨብኩም። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራኑ ሲዘምሩ ምእመኑ ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ እቀብር ነበር። ሽማግሌዎቹ «ይሄ ልጅ ጋኔን ይዞታል» ብለው ሁለት ጊዜ ጸለዩልኝ። እኔ ጭብጨባው ሲያልቅ ምን እንደሚተርፍ ነበር የማዳምጠው።

ዕድሜ ያንን ፍርሃት አላመደው። አድጌ አስተማሪ ሆንኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ ስንቱን ስብሰባ ከሌላው ጋር አጨብጭቤ ገባሁ። ስብሰባው ሁሉ በአዳራሽ ነበራ! ዱቡሻው ላይ በጎችና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ብቻ ቀርተው ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ በልጉ ሲያጋምስ፣ የክልል ምክር ቤት ተመራጫችን ወይዘሮ ታደለች ለመራጮቿ ሪፖርት ልታቀርብ መጣች። ድሮ አረካ ላይ አስተማሪ ነበረች፤ ሰው አክባሪ፣ ስም የማትረሳ ሴት ናት። የቀበሌው አዳራሽ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ ስለነበር ሊቀመንበራችን «ዱቡሻው ላይ ድንኳን ይተከል» አለ። ድንኳኑን የተከሉት ወጣቶች ናቸው፤ ምን ያውቃሉ? እኔ አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም። ሽማግሌ ነህ ተብዬ ከፊት የፕላስቲክ ወንበር ስለተሰጠኝ አፌ ተያዘ። ከሣሩ ነጭቼ ግን በእጇ አስያዝኳት። ስጦታ መስሏት «ተባረኩ አባቴ» አለችኝና ከወረቀቷ ጋር ደርባ ያዘችው።

መጀመሪያ ያነበበችው ሁሉ ደግ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጣራ ተቀይሯል፤ አይተነዋል። የሴቶቹ የእግር ኳስ ውድድር ቅዳሜ ይጀመራል፤ ለአዛውንቶች የዓይን ምርመራ ይመጣል፤ ችግኝ የሚተክል መቆፈሪያውን ይዞ ይምጣ። ሊቀመንበሩ በየመሐሉ «ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» ይላል፤ እናጨበጭባለን፤ ጭብጨባው ያልቃል። እኔ ብቻ ጆሮዬን ከሜዳው ዳር ወዳለው ዋርካ አዘንብዬ ነበር።

ከዚያ ገጹን ገለጠች። «የወንዙ ድልድይ ክረምት ሳይገባ ተጠናቆ ለአገልግሎት ይበቃል።»

ይሄኔ ሊቀመንበሩ ማዘዝ አላስፈለገውም። ያ ወንዝ በየክረምቱ ከሶዶ መንገድ ይቆርጠናል። ጭብጨባው ድንኳኑን አንቀጠቀጠው፣ እስከ ገሱባ ገበያ ተሰማ፣ ሻንቶም ሳይደርስ አልቀረም። ከዚያ ቀነሰ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ።

አንዱ አልቆመም።

ከዋርካው ወዲያ፣ ማንም ካልተቀመጠበት ወገን፣ ሰባት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በደረቀ እጅ። የተሳለቀ አይመስልም ነበር። ደስ ያለው ሰው ነው የሚመስለው፤ አስፈሪነቱም እሱ ላይ ነው።

ሰው ሁሉ ዞረ። «ማነው እሱ! ሥርዓት ይኑር እንጂ!» ብሎ ሊቀመንበሩ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ። ወይዘሮ ታደለች ዋርካውን አየች፣ የእኛን ፊት አየች፣ በእጇ የያዘችውን ሣር አየች።

ያኔ ከሴቶቹ መሐል ዳንሴ ተነሣች። ዳንሴ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏም ልጇም የሞቱባት፣ ከቤቷ የቀረቻት የልጇ ሚስት ብቻ የሆነች፣ እሷም ነፍሰ ጡር።

«ልጄ» አለቻት፣ «ምራቴ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። የፊተኛው በምጥ ነው የሞተባት፤ ሐኪሙ ሁለተኛውን ያለ ሆስፒታል እንዳትሞክሪው ብሏታል። ድልድዩ ካለ እቤቴ ትቆይልኝ። ከሌለ ወንዙ ሳይሞላ ሶዶ እህቴ ዘንድ ላስቀምጣት። ላሜን መሸጤ ነው፤ ትሸጥ። አንቺ ብቻ ንገሪኝ፣ የቱን ላድርግ?»

«እናታችን፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምጥ በመጨረሻ አይመጣም፣ አንተ!»

የሳቀ አልነበረም። ወይዘሮ ታደለች ወረቀቱን አጠፈችው።

«ውሰጃት እናቴ» አለች። «ይሄንን ጽፈው ሰጡኝ፣ ሳልጠይቅ አነበብኩት። ቅድም ግን በወንዙ ስሻገር አይቻለሁ፤ ብረቱ አልመጣም። መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። ነገውኑ ውሰጃት።»

ያኔ ማንም አላጨበጨበም። እኔ አዳመጥሁ። ከዋርካው ወዲያም ምንም አልተሰማም።

ዳንሴ ስብሰባው እስኪያልቅ አልቆየችም። በማግስቱ ምራቷን በባጃጅ ይዛት ወጣች። ሐምሌ ላይ ወንዙ እንደ ልማዱ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ወረደ፤ ድልድዩ የነበረው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ምራቷ ሶዶ ላይ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች።

ተመራጫችን ዘንድሮም መጣች። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ እሷ ግን «ዱቡሻው ይሻለኛል» አለች። ድልድዩ ዛሬም የለም፤ የለም ብላ ተናገረች፤ ሰውም ተቆጣ፣ ሰደባት፣ ከዚያ ገመድና እንጨት አዋጥቶ መሻገሪያ ለመሥራት ተማከረ። ዳንሴ የልጅ ልጇን አዝላ ከሁሉ በላይ ጮኸችባት።

እኔ አሁን አያ ዳልኬን በዕድሜ አልፌዋለሁ። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ የጎቤ ነገር አይደለም፤ ዋሾ በየዘመኑ አለ፣ ይረሳል። የሚያባንነኝ የእነዚያ ቅል ይዘው የተቀመጡት ነገር ነው። ጨለም ሲል በዱቡሻው በኩል አላልፍም። ቂም ይዘው ቢሆን አልፍ ነበር። ዛሬም ደስ ብሏቸው ምንጩ እስኪከፈት እየጠበቁ ከሆነ ግን፣ «አባቶቼ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ፤ ጎቤ ዋሽቷችኋል» የሚላቸው ማነው? እኔ ብዙ ጊዜ ልላቸው ወጥቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ተመልሻለሁ።

መሐላዬ ዕድሜዬን እንዳያሳጥራት አንዲት ነገር ላርም። ሰባት ጊዜ ተጨበጨበ ያልኩት የእኔ ጭማሪ ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።