በነጠላ ጥለት የተሰፋው መክደኛ

ባለፈው ቅዳሜ ከአቡ ዳቢ ወጣ ብላ ያለችው ሙሳፋህ ወርደን ነበር። ባለቤቴ ለልጃችን የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊፈልግ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ልከተለው። አሮጌ ዕቃ ቤት ገብቼ ባዶ እጄን የወጣሁበት ቀን ግን የለም። የሌላዋ ሴት ልብ ወርቅ ቤት መስኮት ላይ ይቀራል፤ የኔ የሚቀረው ጠርዙ በተሸረፈ ሳህን፣ የሰው እጅ ባለሰለሰው የእንጨት ማንኪያ ላይ ነው። ባለቤቴ «የሰው ቤት ትራፊ» ይለዋል። ይበለው።

ጥግ ላይ፣ ከተበላሹ ማራገቢያዎች ኋላ፣ ከቴምር ቅጠል የተሠራ የምግብ መክደኛ ተንጠልጥሏል። አረቦቹ መከባ ይሉታል፤ የኛን የመሶብ ክዳን ይመስላል። ሻጩ ዓይኔን ተከትሎ መጣና «አንቲክ ነው እህቴ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ነው» አለኝ። አውርጄ አናቱን አየሁት። ጉንጉኑ የተያያዘበት ክር አረንጓዴና ቢጫ ነው። የነጠላ ጥለት ክር። የኔ ነጠላ!

ሳቄ መጣ፤ መቶ ዓመት! ከዚያ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ፣ እዚያው ቆሜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ባለቤቴ ደንግጦ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። «ይሄን ዕቃ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። አላመነኝም። ምን ይፍረድ፣ ስላላየው ወጣትነቴ ነው የማወራው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አል አይን ከተማ፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር ውስጥ አንድ ቪላ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማዳም ትንሹን ልጇን ለማሳከም ከባሏና ከልጆቿ ጋር ውጭ አገር እንደሄደች ኮሮና መጣና አውሮፕላን ቆመ። በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና የባሏ እናት። ሁላችንም «ማማ» ነበር የምንላቸው።

ማዳም በስልክ ሕግ አወጣች። «ማማ ካረጁ ቆይተዋል፣ ከያዛቸው አይተርፉም። ክፍላቸው እንዳትገቢ። ምግቡን በር ላይ አስቀምጪ፣ አንኳኪ፣ ራቅ በይ።» ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። ያኔ ያልፈራ ማን አለ? እንዳለችኝ አደረግሁ። ሳህኑን አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ሄጄ እቆማለሁ። በሩ ይከፈታል፤ አንድ የተሸበሸበ እጅ ሳህኑን ያነሳል፤ በሩ ይዘጋል። ከሰው ጋር የነበረኝ ግንኙነት ይኸው ነበር።

ሰው ናፈቀኝ ስል ዘመድ ማለቴ አይደለም። ዘመድማ በስልክ አለ። እኔን የናፈቀኝ አጠገቤ ተቀምጦ የሚያኝክ ሰው ነው። ከልብስ ማጠቢያው ጋር እስከማውራት ደርሼ ነበር፤ ሲጨርስ ጢጥ ሲል «እሺ፣ መጣሁ» እለዋለሁ። ድሮ ዓርብ ዓርብ ጎረቤት ከምትሠራው ከብርኽቲ ጋር ነጠላችንን በቦርሳ ይዘን፣ በአል ጃሂሊ መናፈሻ በኩል በዛፎቹ ጥላ እየሳቅን ለጸሎት እንሄድ ነበር። አሁን ጸሎቱ ተዘግቷል፤ ብርኽቲንም አሠሪዎቿ አቡ ዳቢ ይዘዋት ሄደዋል። ጾሙን ምስር በሩዝና ቴምር እየበላሁ፣ መንገዱ ላይ የሚያልፈውን የመድኃኒት ርጭት መኪና በመስኮት እያየሁ ከረምኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ብርኽቲ ደወለች።

«እንኳን አደረሰሽ!»

«ለምኑ?»

«ውይ ጉድሽ! ሆሳዕና እኮ ነው፤ ረሳሽው እንዴ?»

ክው አልኩ። ቀን ጠፍቶብኝ ያውቃል፣ በዓል ግን ጠፍቶብኝ አያውቅም። እኛ ቤት በሆሳዕና እናቴ ከቤተ ክርስቲያን በር ዘንባባ ይዛ ትመጣና ለእያንዳንዳችን ቀለበት ትጎነጉናለች፤ ግንባራችን ላይም ታስርልናለች። ዘንባባዋ ትንሽ ከሆነች ለኔ ሳይደርሰኝ ሊቀር ነው እያልኩ አለቅስ ነበር። አሁን የምኖርበት ከተማ ደግሞ የቴምር ዛፍ ብቻ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ቀለበት የለኝም። ሆዴ ባባ። የወጥ ቤት ቢላዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የትልልቆቹ ዛፎች ቅጠል ከፍታው አይደረስበትም፤ ወርዶ የተገኘውም እንደ መርፌ ይዋጋል። አጥሩ ስር ግን አንዲት ትንሽ ቡቃያ ነበረች። ከመሀሏ ገና ያልተገለጠ፣ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ቅጠል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለጉንጉን እንዲህ ያለ አይገኝም ብዬ ከስሩ ቆረጥኩት።

በረንዳ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያዋን ቀለበት ስጀምር የማማ መስኮት ጓ አለ። ወዲያው ማማ ራሳቸው ወጡ፤ በባዶ እግራቸው፣ ያለ ማስክ፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ።

«ያ ቢንቲ! ልጄ፣ ምን አደረግሽ? ልቧን እኮ ነው የቆረጥሽው!»

ለካስ የቴምር ቡቃያ የምታድገው በመሀሏ ቅጠል ነው። እኔ የደጋ ልጅ፣ ዘንባባ ተቆርጦ ሲመጣ እንጂ ሲበቅል የት አየሁ? ይባስ ብሎ ቡቃያዋን የተከሏት ባላቸው ናቸው፤ በሞቱበት ዓመት። ይህንንም ነገሩኝ። ኸላስ፣ አለቀልኝ፣ ለማዳም ይነግሯታል፣ አሠሪዬ ካፊሌ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ይሰርዛል፣ አውሮፕላን የለ፣ ምን ይውጠኛል አልኩ።

በተሰባበረ አረብኛዬ «ማማ፣ ዛሬ የኛ በዓል ነው። እንዲህ እናደርጋለን» ብዬ ጣቴ ላይ ያለችውን ያላለቀች ቀለበት አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«አምጪው» አሉ። «ከተቆረጠ ወዲያ መጣል ሀራም ነው።»

ቅጠሉን መሬት ላይ አስቀምጬላቸው ራቅ አልኩ። በጥፍራቸው ሰነጠቁት፤ ጣታቸው መጀመሪያ ግራ ገባው፣ በኋላ ግን መንገዱን አገኘ። ጉንጉኑ ከጉልበታቸው ላይ እየረዘመ መውረድ ጀመረ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እናቴ።»

«እኔንም እናቴ ናት። እጅሽ ጎበዝ ነው፣ ግን ታጠብቂያለሽ።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲተቸኝ! ደስታዬን ብታዩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ከትልልቆቹ ዛፎች የረገፈውን ቅጠል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አለሰልሳለሁ፤ እሳቸው እዚያ ጫፍ ሆነው ይጎነጉናሉ፤ እኔ እዚህ ጫፍ ሆኜ የጉንጉኑን ሌላ ጫፍ እየጠቀለልኩ መከባ እሰፋለሁ። በመካከላችን የአንድ ምንጣፍ ርቀት አለ፤ የማዳምን ሕግ አልጣስንም። ጉንጉኑ ግን ከእሳቸው እጅ ወደኔ እጅ ይመጣ ነበር፤ ሲስቡት ይሰማኛል፤ ስስበውም ይሰማቸዋል።

ክር ቸገረን። የልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ነጠላዬን አወጣሁና ከጥለቱ አረንጓዴና ቢጫውን እየመዘዝኩ መስፋት ጀመርኩ። እናቴ ያሸመነችልኝ ነጠላ ነው። ማማ አይተው «ምን ነካሽ፣ ልብስሽን!» ቢሉኝ «ለብሼው የምሄድበት የለም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

አንድ ቀን ከወጥ ቤት ኋላ ያለውን ዕቃ ቤት አስከፈቱኝ። ማዳም ለአዲሱ ቤት አይመጥኑም ብላ ያጎረቻቸው ሁሉ እዚያ ናቸው፤ በናስ ምስማር የተንቆጠቆጠ ሣጥን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ የሰርጋቸው የጽጌረዳ ውሃ መርጫ። አቧራውን ጠርጌ በረንዳ ላይ ደረደርኳቸው። የቅጠል ወፎች ሠርተን ከጣሪያው ላይ አንጠለጠልን። እኔም የሆሳዕና መስቀሌን ክፍሌ በር ላይ ሰቀልኩ፤ አይተውት አለፉ። ማዳም በቪዲዮ ስትደውል በረንዳውን አይታ «ያንን ቆሻሻ ማነው ያወጣው?» አለች። ማማ ስልኩን ወደ ፊታቸው አዙረው «እኔ ነኝ» አሉ፤ ከዚያ ዘጉባት። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ፋሲካ አለፈ፤ ረመዳንም አለፈ። ሙቀቱ ሲበረታ አውሮፕላን ተከፈተና እነማዳም መጡ። በረንዳው በአንድ ቀን ጸዳ፤ ሣጥኑም ፋኖሱም ወደ ዕቃ ቤት ተመለሱ። የኔም ውል አልቆ ነበርና ብርኽቲ አቡ ዳቢ ሥራ አገኘችልኝ። መከባው ገና ግማሽ ነው። ከተረፈው ጉንጉንና ከጥለቱ ክር ጋር አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥኩት።

ስሰናበት ማማ ሳሎን ውስጥ በልጅ ልጆቻቸው ተከበው ነበር። «ማማ፣ ሄድኩ» አልኩ። ሳያዩኝ «ማዕ ሰላማ፣ ያ ቢንቲ» አሉ። አለቀ። ታክሲ ውስጥ፣ በዚያ ቴምር ግራና ቀኝ በተሰለፈበት መንገድ ላይ፣ እስከ አቡ ዳቢ ድረስ አለቀስኩ። ሰው ሲጠፋ የተጠጉኝ፣ ሰው ሲመጣ የረሱኝ መሰለኝ። ከዚህ ቂም ጋር ስንት ዓመት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ ከሙሳፋህ ስንመለስ መከባው ጭኔ ላይ ነበር። መኪና ውስጥ ነው ድንገት የታወሰኝ፤ ይሄ ዕቃ እኮ አላለቀም ነበር! አገላበጥኩት። እስከ ወገቡ ድረስ ስፌቱ የኔ ነው፤ እንደ ልማዴ ይጠብቃል። ከዚያ በታች ያው አረንጓዴና ቢጫ ክር ነው፤ ስፌቱ ግን ይራራቃል፣ ይጣመማል፣ አንዳንዱም ቀዳዳውን ስቶ አልፏል። ዓይኑ የደከመ ሰው ስፌት ነው። ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ክሩ አልቆ የቀረው በቅጠል ጭረት ታስሯል።

ቪላው ተሸጦ ይሆናል፤ ማማም በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ይሄ ዕቃ ሙሳፋህ አይወርድም ነበር። የምጠይቀው ሰው የለኝም። ያቺ ቡቃያም ልብ አውጥታ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ጠረጴዛችን ላይ ዳቦ ይከደንበታል። ትናንት ልጄ የተጣመመውን ስፌት በጣቷ እየነካካች «ማሚ፣ እዚህ ጋ ብሮክን ነው። ፊክስ እናድርገው?» አለችኝ።

«ተዪው የኔ እናት፣ እዚያ ጋ አትንኪው» አልኳት። «እዚያ ጋ ማማ ብቻቸውን ነበሩ።»